የወንዝ ዳሩ ቆርቆሮ

በአንድ የቆላ አገር ሰባት የማሽላ ማሳ ነበረ። ማሽላው እሸት ሲይዝ የአገሩ ሰው እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት። ባለማሳዎቹ በየማሳቸው ማማ ሠርተው፣ በየማማቸው እያደሩ ብዙ ዘመን ኖሩ። አንድ ዓመት ተማከሩና ከመካከል ካለችው ጉብታ ላይ አንድ ረጅም ማማ አቆሙ፤ ለሁሉም የሚያድር ጠባቂም ቀጠሩ። ጠባቂው ይማም ይባላል።

ይህን ማማ ከሌላው ማማ የሚለየው ገመዱ ነው። ከሰባቱ ማሳ ሰባት የቃጫ ገመድ ተነሥቶ ማማው ላይ ይገናኛል። እያንዳንዱ ገመድ ማሳውን በችካል ዞሮ፣ ወደ ማማው ወጥቶ፣ በአንዲት አግዳሚ እንጨት ላይ ያልፍና ጫፉ ላይ ጠጠር የተጨመረበት ቆርቆሮ ይንጠለጠልበታል። ሌሊት ከርከሮ መጥቶ ገመዱን በደረቱ ሲገፋው ማማው ላይ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ቀን ደግሞ ይማም ገመዱን ከላይ እየሳበ ማሳው ውስጥ የታሰረውን ቅል ያንኳኳል፤ ወፉ ግር ብሎ ይነሣል።

ይማም ሌሊት ማሳ አያይም፣ እንስሳም አያይም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጀርባውን ለምሰሶው ሰጥቶ የሚያዳምጠው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። የትኛው እንደጮኸ ሲለይ የማሳውን ስም ይጣራል፤ «ዳገቴ!» ወይም «ዋርካ ሥር!» ወይም «ወንዝ ዳር!»። ከታች የተኙት ጎረምሶች ዱላና ወንጭፋቸውን ይዘው ወደተጠራው ማሳ ይሮጣሉ። የይማም ሥራ ይኸው ነው፦ ድምፁን ሰምቶ ስሙን መጥራት።

ቆርቆሮዎቹ እኩል አልነበሩም። ወንዝ ዳር የተባለው የአያ አሰን ማሳ ከሁሉም ጠባብ ነው፤ ግን ከወንዙ ጥሻ የሚወጣው ከርከሮ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ ትልቁን ቆርቆሮ የሰጡት ለእሱ ነው። ላይ ያለው ሰፊው ዳገቴ ብዙ ነገር ስለማይደርስበት የተንጠለጠለለት የሳርዲን ጣሳ ነበር። ተራቸውም እንደ መሬቱ ተራ አልነበረም። ወንዝ ዳር በስተምዕራብ ታች ነው፤ የእትዬ ትርንጎ ዋርካ ሥር በስተምሥራቅ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ያደክማል። ነገር ግን ማማው ሲሠራ አሰንና ትርንጎ ገመዳቸውን ያመጡት በአንድ ቀን ስለነበር አግዳሚዋ ላይ ጎን ለጎን ታሰሩ። በሁለቱ ገመዶች መካከል ጣት አይገባም። ይህን ተራ ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖረ። አግዳሚዋ ላይ እያንዳንዱ ገመድ በሚሳብበት ቦታ እንጨቱን እየበላ የየራሱን ጎድጓዳ መንገድ አወጣ። ይማምም የየገመዱን አሳሳብ ለመደ፤ ዳገቴን ረዘም አድርጎ አንዴ፣ ወንዝ ዳርን ሁለት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ሦስተኛውን ረዘም።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ ከደጋው የወረደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ወንዝ ዳርን በላው። ሰብሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይተካ ነበር፤ አፈሩም፣ ድንበሩም፣ ችካሉም አብሮ ሄደ። የዚያን ሌሊት ትልቁ ቆርቆሮ ሰው ሰምቶት በማያውቅ ጩኸት ጮኸ፤ ይማም ስሙን ደጋግሞ ተጣራ፤ ከዚያ ገመዱ ተበጠሰ፤ ቆርቆሮውም ጸጥ አለ። ሲነጋ አሰን ከወንዙ አፋፍ ቆሞ ማሳው የነበረበትን ውኃ ሲያይ ዋለ።

ሦስት ሌሊት ትልቁ ቆርቆሮ አልተሰማም። በአራተኛው ሌሊት ይማም ከእንቅልፉ ባንኖ ቆመ። «ዋርካ ሥር!» ሲል ተጣራ፤ ወዲያው ደግሞ «ወንዝ ዳር!» አለ።

ጎረምሶቹ ለሁለት ተከፍለው ሮጡ። ወደ ዋርካ ሥር የሮጡት ከርከሮ አባረው ተመለሱ። ወደ ወንዙ የሮጡት ድፍርስ ውኃ አይተው ተመለሱ። በማግሥቱም ያው ሆነ፤ በሦስተኛውም። ሰዉ ያጉረመርም ጀመር። አንዱ ይማም አርጅቷል አለ፤ ሌላው ጅን ሰፍሮበታል አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ለአሰን ሲያዝን ልቡ ተሰብሮ ነው የሚሰማው አለ። ጎረምሶቹ ወንዝ ዳር ሲባል መነሣት ተዉ። አንድ ሰው ብቻ ሳያሰልስ ይነሣል፤ አሰን። የማሳው ስም በተጠራ ቁጥር ዱላውን ይዞ ከአፋፉ ድረስ ሄዶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ ይመለሳል።

ገመዶቹን የገመዱት አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ አንድ ምሽት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ማማው ላይ ወጡ።

«ልጄ ይማም፣ ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ» አሉት። «አንተ የምትሰማውን ንገረኝ።»

«አያ ይመር፣ ምን ብዬ ልንገርዎ?» አላቸው። «ቆርቆሮው ይጮሃል። ማሳው እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔም ቀን ወርጄ አይቻለሁ። ሌሊት ግን ይጮሃል። ሲጮህ ደግሞ የወንዝ ዳር ድምፅ ነው እንጂ የሌላ አይደለም።»

ሽማግሌው አብረውት አደሩ። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ከርከሮ ዋርካ ሥር ገባ፤ የትርንጎ ቆርቆሮ ተንኳኳ፤ ከጎኑ ያለው ትልቁ ቆርቆሮም ተንኳኳ። ይማም ስሙን ሊጣራ አፉን ሲከፍት ሽማግሌው እጃቸውን አፉ ላይ አደረጉና በሌላኛው እጃቸው አግዳሚዋን ዳበሱ። የተበጠሰው ገመድ ረግቦ በትርንጎ ገመድ ላይ ተኝቷል። ያ ሲሳብ ይኸኛው አብሮ ይወዛወዛል።

«እነዚህ ሁለቱ ድሮም ይነካኩ ነበር» አሉ። «አንተ ግን አልሰማኸውም። የወንዝ ዳር ገመድ ውጥር ነበረ፤ ማሳው ይዞት ነበር። ውጥር ገመድ የጎረቤቱን ንቅናቄ አይቀበልም። ማሳው ሲለቀው ጊዜ ማንም የሚያንቀሳቅሰው ሆነ። አዲስ ገመድ የቀጠለበት የለም፤ የያዘው ነው የለቀቀው።»

ሲነጋ ለሰዉ ነገሩት። ይማም እንዳልዋሸና እንዳላበደ ታወቀ። ያን ጊዜ በዚያ የሚያልፍ አንድ የጨው ነጋዴ ነበርና፣ «እንግዲያውስ ቆርቆሮው ከዛሬ ጀምሮ የትርንጎ ነው፤ የእሷ ማሳ ካስጮኸው የእሷ ነዋ! ስሙን ለውጡት» አለ። ፍርዱ ለብዙዎች ጣማቸው። ይማምም ታዘዘ፤ ትልቁ ቆርቆሮ ሲጮህ ዋርካ ሥር በል ተባለ። ሞከረ። ቆርቆሮው ሲጮህ ግን ከአፉ የሚወጣው «ወንዝ ዳር!» ነው፤ ከወጣ በኋላ ነው ራሱን የሚያርመው።

አያ ይመር የነጋዴውን ፍርድ አልወደዱትም። ቀን ላይ ሰዉን ሰብስበው ይማምን፣ «ዓይንህን ጨፍን» አሉት። ጨፈነ። «ወንዝ ዳር ወፍ ወርዷል፤ አስነሣ።»

ይማም እጁን ሰደደ። ከሰባቱ ገመድ መካከል ያለ መደናበር የተበጠሰውን ገመድ ያዘ፤ ሁለት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ፣ ሦስተኛውን ረዘም አድርጎ ሳበው። ገመዱ ዘጠኝ ዓመት በቆፈረው ጎድጓዳ ውስጥ ሽር ብሎ ሄደ፤ ቆርቆሮው በድሮ ድምፁ መለሰ። ከታች ወፍ አልተነሣም፤ የሚነሣበት ማሳ የለም። ሽማግሌው የይማምን እጅ እንደያዙ ወደ ነጋዴው ዞረው፣ «ቦታው የአሰን ነው» አሉ። «ጎረቤት አንኳኳው እንጂ አልወረሰውም።»

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን የነካው የለም። ጎረምሶቹ አመሉን ለመዱት፤ ይማም ሁለቱንም ስም ሲጠራ ሁሉም ወደ ዋርካ ሥር ይሮጣሉ። ነፋስ የሚበረታባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ የረገበው ገመድ ያለ ከርከሮ፣ ያለ ጃርት ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ እነዚያ ሌሊቶች ለይማምም ለአሰንም ይከብዳሉ። ከእነዚህ በአንዱ አሰን ማማው ላይ ወጣና ከይማም ጎን ተቀመጠ። ሰዉ ጥሪውን እንዲተው እንደመከረው ይማም ነገረው።

«አትተው» አለ አሰን። «ስትጠራው ያመኛል። የለም ብለው ሲስቁብህ ግን የበለጠ ያመኛል።»

*

ምሳሌውን ያበጀሁት እኔ ነኝ። ማማው ግን በእያንዳንዳችን የራስ ቅል ውስጥ አለ።

በካናዳ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ ሕመምተኞቹ ነቅተው ሳለ የአንጎላቸውን ገጽ በስሱ ኤሌክትሪክ ይነካ ነበር። አንዱ ቦታ ሲነካ ሰውየው አውራ ጣቱ ላይ ስሜት ይሰማዋል፤ ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ ፊቱ ላይ። ፔንፊልድና ባልደረባው ኤድዊን ቦልድሬይ እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳተሙት ካርታ የእኛ አግዳሚ እንጨት ነው። በዚያ ካርታ ከንፈርና ጣቶች ሰፊ ቦታ ይዘዋል፤ ሰፊው ጀርባ ጠባብ ቦታ ደርሶታል። እጅና ፊት ደግሞ በአካል ላይ ተራርቀው ሳለ በአንጎል ላይ ጎረቤት ናቸው።

ይህ የስሜት ካርታ ከልጅነት በኋላ አይነቃነቅም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎቹ ማይክል መርዘኒክና ጆን ካስ ባደጉ ጦጣዎች ላይ ወደ መዳፍ የሚሄደውን አንድ ነርቭ ቆርጠው ሲመረምሩ፣ ዝም ማለት የነበረበት የካርታው ክፍል ለአጎራባች የእጅ ክፍሎች ንክኪ ሲመልስ አገኙት። በ1991 ቲም ፖንስና ባልደረቦቹ የክንዳቸው ነርቮች ከ12 ዓመት በፊት የተቆረጡ ጦጣዎችን መርምረው የክንዱ ቦታ በሙሉ ፊት ሲነካ እንደሚመልስ ዘገቡ። በአንጎል ላይ ይህ ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ያልጠበቀው።

በዓመቱ በካሊፎርኒያ ቪ. ኤስ. ራማቻንድራን ክንዱን በአደጋ ያጣ የ17 ዓመት ልጅ ጉንጭ በጥጥ ነካ። ልጁ ጉንጩም ተሰማው፤ የሌለው እጁ ጣቶችም ተሰሙት። «ዋርካ ሥር! ወንዝ ዳር!» ማለት ይህ ነው። ልጁ ክንዱን ካጣ አራት ሳምንት ብቻ ነበር የሆነው። በአራት ሳምንት አዲስ ነርቭ ያን ያህል ርቀት አድጎ ይገናኛል ማለት ይከብዳል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ግንኙነቶች ቀድሞም እንደነበሩ፣ የሚያፍናቸው ሲወገድ እንደተሰሙ ማሰብ ይቀላል።

እዚህ ላይ የጨው ነጋዴው ፍርድ ለዓመታት አሸነፈ። የእጁን ቦታ ፊት ወርሶታል ተባለ፤ መጻሕፍትም እንዲሁ ጻፉት። ታማር ማኪን፣ ክሪስ ቤከርና ሃንተር ሾን ግን አያ ይመር ያደረጉትን አደረጉ። ክንዳቸው በሕክምና ሊቆረጥ የተወሰነባቸውን ሦስት ሰዎች ከመቆረጡ በፊት ጀምሮ፣ አንዱን እስከ አምስት ዓመት ድረስ፣ በኤምአርአይ ተከታተሉ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሌሉትን ጣቶች አንድ በአንድ እንዲያንቀሳቅሱ ጠየቋቸው። በ2025 በኔቸር ኒውሮሳይንስ መጽሔት የወጣው ውጤት ግልጽ ነበር፤ የእጁ ካርታ፣ ጣት በጣት፣ በቦታው ነበር። የከንፈሩ ክልል ወደ እጁ ክልል አልተስፋፋም።

ክርክሩ በተመራማሪዎች ዘንድ አላለቀም። የኔ ፍርድ ግን ከሽማግሌው ጋር ነው። ጉንጭ ሲነካ እጅ የሚሰማው ሰው ራሱ ምስክር ነው። ቦታው በእርግጥ የፊት ቢሆን ኖሮ የሚሰማው ፊቱ ብቻ ነበር። እጅ መሰማቱ፣ ያ ቦታ ዛሬም ስሙ እጅ ስለሆነ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በጦርነት፣ በመኪና አደጋ፣ በስኳር ሕመም እጅና እግራቸውን ያጡ ብዙ ወገኖች በየቤታችን ስላሉ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊር ሚቸል በ1871 ይህን ስሜት «ፋንተም ሊምብ» ብሎ ከሰየመው በኋላ እንኳ፣ የሌለ እግሬን ያሳክከኛል የሚል ሰው ዛሬም «አእምሮው ተነካ» ይባላል። እሱም መናገር ይተዋል። አካላቸው ከተቆረጠባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ስሜቱ አላቸው፤ ብዙዎቹን ደግሞ ያማቸዋል፤ የነፋሱ ሌሊት እሱ ነው። ጤነኛው እጅ በመስታወት ፊት ሲቀመጥ ምስሉ የጠፋውን እጅ ቦታ ይይዛል፤ በዚህ መንገድ የተጨመደደ ጣቱ የተፈታለት ሰው አለ፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናም አለ። ወደዚያ የሚያደርሰው ግን ታማሚው ሳይፈራ መናገሩ ነው።

ስለዚህ ጎናችሁ ያለው ሰው የሌለ ጣቴን አመመኝ ካላችሁ፣ ቆርቆሮው በእውነት እየጮኸ ነውና፣ የለም አትበሉት። አጠገቡ ቁጭ በሉና የትኛው ጣት እንደሆነ ጠይቁት።